«ፎርማት አድርግልኝ»

ጤና ጣቢያ ገብቶ «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚል በሽተኛ አለ አይደል? እኔም ዘንድ ሲፒዩውን በኩርቱ ፌስታል ይዞ ይመጣና ገና ሳይቀመጥ «ፎርማት አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ አለ። (ሲፒዩ ስል ሳጥኑን ማለቴ ነው። በትክክል ከተነገረ ሲፒዩ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ትንሹ ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ግን አገር ምድሩ ሳጥኑን ሲፒዩ ብሎታልና እኔም መከራከሩን ከተውኩ ቆየሁ።) ምን ሆነብህ ስለው መልሱ ያው ነው፤ ቀረፈፈ፣ ሀንግ ያደርጋል፣ ቫይረስ ሳይገባው አይቀርም። ፎርማት ሲደረግ ለሁለት ሳምንት ይነቃል፣ በሦስተኛው ወደነበረበት ይመለሳል። ያኔ «አርጅቷል» ይባልና ከጠረጴዛ ሥር ይገፋል፣ ወይም ለቁራሌው ይሸጣል።

ኮምፒውተር ሁለመናው እኩል አያረጅም። አንዱ ክፍል ቀድሞ ይደክማል፣ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው እሱን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ ሲወጣ ዕድሜውን ከመጠየቄ በፊት ምንን እየጠበቀ እንደቆመ እፈልጋለሁ።

በ2017 ሰኔ ላይ ስድስት ኪሎ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት መጡ። ሰኔ ማለት ለእሳቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ወር ነው፤ ተማሪው በር ላይ ተሰልፎ ይውላል። ሳጥኑን የተሸከመው ልጅ አስቀምጦ ሳይጨርስ፣

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ወይ ይዳን ወይ ይሙት። ለማብራት ብቻ ቡና ይፈላበታል» አሉኝ።

«ፎርማት ተደርጎ ያውቃል እትዬ?»

«ዘንድሮ ብቻ ሦስቴ። አምና ደግሞ ራም ጨምርበት ብለውኝ ጨምሬበታለሁ። ምንም!»

ማሽኑ ሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ 3 ነው፤ ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ። 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ 4 ጊጋ የነበረ አሁን 8 ጊጋ የሆነ ራም። ከፍቼ የሲስተሙን ገጽ ሳይ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ስምንት ጊጋ ተገጥሟል፣ ዊንዶውሱ ግን ባለ 32 ቢት ነው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን ማስታወሻ አያይም፤ ከዚያም ላይ ለሌሎች ዕቃዎች የሚቀነስ አለና የሚጠቀመው ሦስት ጊጋ ከምናምን ነው። ሴትዮዋ ገንዘብ ከፍለው ያስገቡት ራም አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ተቀምጧል። ራሙን የሸጠላቸው ባለሙያ አንድ ገጽ ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ይገባው ነበር። ማንነቱን አልጠየቅኩም፤ ባውቀው ደግ አልናገርም።

ይሁንና ዋናው በሽታ እሱም አልነበረም። ታስክ ማናጀርን ከፍቼ እንደ ልማዳቸው ወርድ፣ ብሮውዘርና የተማሪ ፍላሽ አንድ ላይ እንዲያስነሱ አደረግኩ። ፕሮሰሰሩ ከአሥር በመቶ ብዙም አላለፈም። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ።

ይህን ለደንበኛ ሳስረዳ መዝገብ ቤትን አነሳለሁ። ጉዳይ ለማስፈጸም ወረዳ ስትሄድ ኃላፊው ፈጣን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ፋይልህ ግን ከመዝገብ ቤት መምጣት አለበት፤ መዝገብ ቤት ያለው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነው፣ የሚያመጣውም በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል። ኃላፊውን በሌላ ብትቀይረው ምን ይለወጣል? ሃርድ ዲስክ ማለት ያ ሽማግሌ ነው። በውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፤ ፈጣን ይመስላል እንጂ አንዱ ዙር ከስምንት ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። አንባቢው ክንድ ቦታውን እስኪያገኝና የተፈለገው ነጥብ ዞሮ እስኪመጣለት ድረስ ሲደመር፣ አንድ ቁራጭ ፋይል ለማምጣት ወደ 12 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። በሰከንድ 80 ጊዜ ገደማ ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልገው ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። ኤስ ኤስ ዲ የሚዞር ነገር የለውም። ያንኑ ቁራጭ በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ያመጣል። ለዚህ ነው በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ከሚጨመር ነገር ሁሉ ኤስ ኤስ ዲን የሚያህል ያላየሁት፤ ሁለተኛው በጣም ርቆ ይከተላል።

ሻጮች «500 ሜጋ በሰከንድ» ብለው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያሳዩሃል። የእትዬ ማዘርቦርድ መሰኪያ ሳታ 2 ነው፤ ከ300 በላይ አያሳልፍም። «ታዲያ ግማሹ ባከነ?» ብለው ልጃቸው ጠየቁኝ። አልባከነም። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትልቅ ፊልም በአንድ ትንፋሽ የሚገለብጥ የለም፤ ማሽኑን የሚገድለው ትንንሹ ምልልስ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የድሮው መሰኪያም ይበቃል። 256 ጊጋ መረጥኩላቸው፤ ትልቁን መግዛት ለጽሕፈት ሥራ ትርፉ ወጪ ነው። ከገበያ የሚገዛ ሰው ግን ይጠንቀቅ። «አንድ ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ፣ ሲሞላ ግን ፋይሉን የሚበላ የሐሰት ዲስክም ፍላሽም አለ። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት፣ ካልሆነም የመመለሻ ቀን ተነጋግረህ፣ እስከ አፉ ሞልተህ መልሰህ አንብበው።

ዲስኩ ከመቀየሩ በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ያለውን ዳታ ሁሉ መገልበጥ። ይህን የምጽፈው ትምህርት ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ እኔም ተቀጥቼበታለሁ። በሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ዕድር ጸሐፊን ማሽን ፎርማት አደረግኩ። ሰነዶቹን አንድ ሳይቀር ገልብጬ መለስኩ፣ ኮራሁም። በማግስቱ ጋሼ ጸሐፊው ደወሉ፤ «የዕድርተኛው ስም ዝርዝር ፈረንጅኛ ሆኖብኛል» አሉኝ። የተጻፈው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነበር፤ እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ቦታ ይዘው ሀ ሁን የሚስሉ ናቸው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ተመልሶ የላቲን ትርኪምርኪ ይሆናል። እኔ ሰነዱን ገልብጬ ፎንቱን ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር ደምስሼዋለሁ። አራት ቀን ስፈልግ ከርሜ ከሌላ የጽሕፈት ቤት ማሽን ላይ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የፎንት ማኅደሩን ሳልገለብጥ ምንም አልነካም። የሒሳብ ሰዎች ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያለበት ማሽን ሲያመጡልኝም እንዲሁ ነው፤ የድርጅቱ ዳታ የት እንዳለ በዓይኔ ሳላይና የመጠባበቂያ ቅጂ ሳልወስድ ካቻቪቴ አላነሳም።

ወደ እትዬ ልመለስ። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 በኤስ ኤስ ዲው ላይ አዲስ ጫንኩ። አሮጌውን እንዳለ ወደ አዲሱ መቅዳት ይቻል ነበር፤ ግን ሦስት ፎርማት የተፈራረቀበትን ማሽን ጉድፉን ተሸክሜ ለምን ላሻግር? ራሞቹ አንድ ዓይነት ባይሆኑም ሁለቱም ዲዲአር 3 ናቸው፤ አንደኛው ባለ 1333፣ ሌላው ባለ 1600፤ አብረው ሲገጠሙ ሁለቱም በቀርፋፋው ፍጥነት ይሄዳሉ እንጂ አይጣሉም። ያ የተኛ 4 ጊጋ ነቃ። ሌላ ራም መግዛት አላስፈለገም።

አቧራውን ደጅ አውጥቼ በብሎወር ነፋሁት። የፎቶ ኮፒ ቤት አቧራ ከሌላው ይለያል፤ የወረቀት ብናኝና የቶነር ዱቄት ተቀላቅሎ የፋኑን ክንፍ እንደ ጥቀርሻ ይይዘዋል። (ሲነፋ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በንፋሱ ሲሽከረከር ራሱን ያበላሻል።) በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ኖራ ሆኖ ነበር፤ ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሰው ግን «ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል» ይላል። የማዘርቦርዱንም ባትሪ ቀየርኩ፤ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው፣ ሲአር 2032 የሚባለው። እሱ ሲሞት ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን አላምንም ብሎ ይዘጋል። አንድ ደንበኛዬ ማሽኑ ወደ 2011 ሲመለስበት «በእኛ አቆጣጠር ጀምሮ ነው መሰለኝ» ብሎ ሁለት ወር ትቶት ነበር።

ማታ ሲበራ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። እትዬ አላመኑም፤ አጥፍተው ራሳቸው አበሩት። «ቡናው የት ሊፈላ ነው እንግዲህ?» አሉ።

ልጃቸው ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። አንድ ጓደኛቸው «ግራፊክስ ካርድ አስገባበት፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ አይ 7 አሳድገው» ብሏቸዋል። ይቻላል፤ በዚያ መሰኪያ ላይ የሚገጥም አይ 7 ከምናለሽ ተራ ተፈልጎ አይጠፋም። እምቢ አልኩ። ወርድ ላይ የሚጽፍ ሰው ጣቱ ከአይ 3 አይቀድምም፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ዕድሜ ጠገቡን ፓወር ሰፕላይ ያስጨንቀዋል። የተረፋችሁን ገንዘብ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለትንሽ ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ ግዙበት አልኳቸው። ይህን ያልኩት በሌላ ምክንያትም ነው። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ይንቋቋል፣ ይንጫጫል፣ ጊዜ ይሰጣል። ርካሽ ኤስ ኤስ ዲ ግን መብራት በድንገት ሲቆራረጥበት ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ ድምፅ ሳያሰማ ሊቀር ይችላል።

ያልደበቅኳቸው ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንደሚያቆም ያኔ ታውቆ ነበር፤ ቀኑም ደርሶ አልፏል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ማሽን በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ያለውን ነው። የእትዬ ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ በር ላይ ይመለሳል። በአቋራጭ የሚያስገቡ አሉ፤ እኔ ሰው ገንዘብ በሚያገኝበት ማሽን ላይ አላደርገውም። ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ ማሽኑንም አይከብደውም። ለቤት ማሽን ደጋግሜ ጭኛለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ቤት ግን አይሆንም፤ ተማሪው በወርድ ያስተካከለው ማውጫና ሠንጠረዥ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ሲናጋ ጠቡ ከእትዬ ጋር ነው። ስለዚህ ተስማማን። ማሽኑ ለጽሕፈትና ለኅትመት ብቻ ይሁን፤ የባንክና የኢሜይል ነገር በስልክ፤ የተማሪ ፍላሽ ሳይመረመር አይከፈት። እድሜውን አረዘምኩለት እንጂ ወጣት አላደረግኩትም።

እምቢ ብዬ የምመልሰውም አለ። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አሥር ኮር ቱ ዱዎ ማሽኖች በአይሱዙ ጭነው መጡ፤ ተለግሰው የመጡ ናቸው። ራማቸው ዲዲአር 2 ነው፣ በደህና ዋጋ ደህናውን ማግኘት ከዲዲአር 3 ይብሳል። የአራቱ ማዘርቦርድ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል። ለአሥሩም ገንዘብ ከሚያወጡ፣ ከአሥሩ አምስት ደህና ማሽን ገጣጥሜ ልስጥዎ አልኳቸው። ቅር አላቸው፤ በንብረት መዝገብ ላይ አሥር ተብሎ ተጽፏልና አምስት ሆኖ መመለሱ ጣጣ አለው። ቢሆንም ተስማሙ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ሥራዬ በዝቷል። በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ የነበረው ሰው ከጠረጴዛ ሥር የገፋውን አቧራውን አራግፎ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ በዚህ አላዝንም፤ የቤት ኪራይ አለብኝና። ግን ከሚመጣው ግማሹ «ፎርማት አድርግልኝ» እንዳለ ነው።

እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ማሽኑን ነቅላችሁ ከመሸከማችሁ በፊት፣ በጣም በቀረፈፈባችሁ ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የዲስኩን ቁጥር ባንድ ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ለእኔም ሆነ ለሌላ ባለሙያ መጀመሪያ እሱን አሳዩ። ፎቶውን ሳያይ «ፎርማት ያስፈልገዋል» ካላችሁ፣ ሳጥኑን ይዛችሁ ተመለሱ።