የአህያዋን ዕዳ ማን ይክፈል?
በደቡብ ጎንደር ደጋ ሥጋ በል አውሬዎችን ስለ መግደል



ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ በሌላው ዓለም የሥነ ምግባር ጽሑፎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በድብና በተኩላ አደን ስም ነው። በአገራችን ድብ የለም፤ በቅርብ ዘመን በአፍሪካ ምድር ይኖር የነበረው የአትላስ ተራሮች ድብም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ጠፋ ይታመናል። ጥያቄው ግን ከደጃችን አልራቀም። በደብረ ታቦር ዙሪያ ጥያቄውን የሚያነሣው ጅብ ነው፤ ነብር ነው፤ ቀበሮ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንጀምር። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በጋሳይ አካባቢ የምትኖር ባሏ የሞተባት አንዲት እናት እናስብ። ያለቻት አንዲት አህያ ናት። እህሉን ወፍጮ ቤት የምታደርሰው፣ ድንቹን ገበያ የምታወጣው እርሷ ናት። አንድ ሌሊት ጅብ በረቱን ጥሶ አህያዋን ይበላባታል። ሲነጋ ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ «ከተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ አድርጊበት፤ ማታ ተመልሶ ይመጣል» ይሏታል። ብታደርገው አጠፋች እንላለን? እንከለክላት ዘንድስ ምን መብት አለን?

ለመመለስ በመጀመሪያ አውሬን የመግደል ምክንያቶችን መለየት ያስፈልጋል። ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው ለክብር መግደል ነው። በባህላችን አንበሳ የገደለ ሰው ፎክሮ፣ ተዘፍኖለት፣ ጎፈር ደፍቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ አንበሶችን አላምደው በዙፋናቸው ዙሪያ ያኖሩ እንደ ነበር የዘመኑ እንግዶች ጽፈዋል፤ ሥዕሉም ዛሬ ድረስ አለ። የግዳይ ክብር ዛሬ ለመግደል ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ አውሬው ተመናምኗልና። ይሁን እንጂ አንድ ቁም ነገር ይዞ ነበር። ክብሩ የሚገኘው ገዳዩ ነፍሱን ለአደጋ በማጋለጡ ነው። አድፍጦ መርዝ ላኖረ ሰው የተፎከረለት የለም።

ሁለተኛው ለመከላከል መግደል ነው። ሰው ላይ ወይም በረት ላይ የተነሣን አውሬ ሌላ መውጫ በታጣበት ሰዓት መግደልን የሚነቅፍ የሥነ ምግባር ሊቅ ማግኘት ያዳግታል። ሦስት ነገሮች ግን ሊሟሉ ይገባል፦ አደጋው በእርግጥ የደረሰ መሆኑ፣ ሌላ መንገድ አለመኖሩ፣ የሚገደለውም አደጋውን ያደረሰው አውሬ ራሱ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው በቀል ነው፤ የእናታችን ጎረቤቶች ምክር የሚመደበው በዚህ ነው። በቀል ጥፋተኛን ይፈልጋል፤ አውሬ ግን ተርቦ ይበላል እንጂ አይበድልም። መርዙም ጥፋተኛውን አይለይም። በሥጋው ላይ ጥንብ አንሣ ያርፍበታል፤ የጎረቤት ውሻ ይቀምሰዋል፤ አህያዋን ያልነካ ሌላ ጅብም ይሞትበታል። የአገሪቱ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ቢከለክልም፣ እኔ የምመዝነው ቅጣቱን ሳይሆን ሚዛኑን ነው፤ መርዝ ከሦስቱ የመከላከል መመዘኛዎች አንዱንም አያሟላም።

በዚህ ላይ ከሚጠፋው አውሬ ጋር አብሮ የሚጠፋ ጥቅም አለ። በመቀሌ ከተማ ዙሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳ እንደሚያነሡና በዚህም እንደ አባሰንጋ ያሉ በሽታዎችን ስርጭት እንደሚቀንሱ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ የትግራይ ጥናት ደግሞ በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀር፣ የሚጣል ተረፈ ሥጋ በማነሱ ጅቦች ይበልጥ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የጅቡ ጠባይ የእኛን ጠባይ ተከትሎ ይለወጣል፤ ስለዚህ አህያ ከወትሮው ይበልጥ መጠበቅ ያለበት መቼ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

እስካሁን የተናገርነው በእጅ ስለሚፈጸም መግደል ነው። ነገር ግን ጥይትም መርዝም ሳይኖር መግደል አለ። ለዚህ ምስክሩ ርብና ጉማራ የሚመነጩበት የጉና ተራራ ነው። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ቀድሞ በጉና ላይ ይኖር ነበር። ዛሬ ቁጥሩ በመላ አገሪቱ ወደ 500 ገደማ ሲሆን፣ መጠጊያዎቹ ተብለው የሚጠቀሱት ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ ወሎና የመንዝ ጓሳ ናቸው። የጉና ስም ከዝርዝሩ ወጥቷል። በየደጋው ቀይ ቀበሮን የሚያሳድደው አዳኝ ብቻ አይደለም። ገብሱና ድንቹ ወደ ጅብራው ከፍታ ወጣ፤ ግጦሹ ተከተለ፤ ከእረኛው ጋር የወጣው ውሻም የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ሄደ። በዚህ በሽታ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ አልቀዋል።

የስሙም ነገር አሳዛኝ ነው። ቀይ ቀበሮ በአመዛኙ የሚመገበው ፍልፈልና አይጥ ነው፤ ግልገል የሚነጥቀው አልፎ አልፎ ነው። በግና ፍየል ይበልጥ የሚያጠቃው ተራው ቀበሮ ነው። ሁለቱንም «ቀበሮ» ብለን ስለምንጠራ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። የአውሬ አደን ሥነ ምግባር «መግደል ይገባል ወይስ አይገባም?» በሚለው ብቻ አይቋጭም። «አውሬው በሕይወት በመኖሩ የሚመጣውን ኪሳራ ማን ይሸከም?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የቀይ ቀበሮው መኖር የአገር ኩራት ነው፤ ለተመራማሪ ዕውቀት፣ ለአስጎብኚ ገቢ ነው። የጅቡ መኖር የከተማ ጽዳት ነው። ጥቅሙ ለሁላችን ተከፋፍሎ ሳለ አህያዋን ያጣችው ግን አንዲት እናት ናት። «አትግደይ» ብለን ብቻ ከሄድን፣ የሁላችንን ዕዳ በአንዲት ድሃ ጫንቃ ላይ ጣልን ማለት ነው።

ሸክሙን የመካፈል ልምድ ሌላም ቦታ አለ። በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ተኩላዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1926 ድረስ ተገድለው አለቁ፤ በ1995 ከካናዳ ተመልሰው ሲገቡ፣ በግ ወይም ከብት ለተበላባቸው አርቢዎች ካሳ የሚከፍል በጎ አድራጊ ድርጅት ነበር። ካሳ የራሱ ችግር አለው፤ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ጥበቃንም ሊያሰንፍ ይችላል። ከዚህ ይልቅ የመንዝ ጓሳ ለእኛ ይቀርባል። ሕዝቡ ሣሩን ለዓመታት ከልሎ በተስማማበት ቀን የሚያጭድበት ጥንታዊ ደንብ ነበረው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደንቡ ቢላላም ጥበቃው በማኅበረሰቡ እጅ ቀጥሏል። ቀይ ቀበሮውም እዚያ አለ። ጥበቃው የጸናው ሣሩ የሕዝቡ ስለሆነ ነው፤ ከልካዩና ተጠቃሚው አንድ ናቸው።

በእኛም ደጋ ሊደረግ የሚችለው ብዙ ነው። በረትን በድንጋይ አጥብቆ መሥራት፣ አህያን ሌሊት ውጪ አለማሳደር፣ ውሾችን ማስከተብ፣ በዕድር አህያ ለሞተበት የሚደርስ መዋጮ ማቋቋም ይቻላል። ዕድር ለሰው ሞት ደራሽ እንደ ሆነ ሁሉ ለኑሮ መሠረት ሞትም ሊደርስ ይችላል። የዩኒቨርሲቲም ድርሻ አለ፤ ጥናቱን በመደርደሪያ ከማኖር ይልቅ ወደ በረቱ ማውረድ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ለድሃ ስብከት ነው» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ሥጋት ነው። ስብከት የሚሆነው ግን መከልከሉን ይዘን መካፈሉን ስንተው ነው። አባቶቻችን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብለዋል። አውሬውን አትንኩ እያለ በረቱን ለማጠር እጁን የማይዘረጋ ምሁርም ሆነ መንግሥት ከዚያ ባል አይሻልም። ያችን እናት መርዙን አስቀምጪ ለማለት መብት የምናገኘው፣ በማግስቱ አህያዋን ለመተካት ከጎረቤቶቿ ጋር በተሰለፍን ጊዜ ነው።