የኤሌክትሪክ ባቡር አምሳያ ሰብሳቢዎችና የግዥአቸው ምክንያት

ሰው ስለሚገዛው ዕቃ ሁለት ዐይነት ቃል ይናገራል። አንደኛው ከመግዛቱ በፊት የሚያመዛዝነው ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ከገዛ በኋላ ለቤተ ሰቡ፣ ለሸሪኩ ወይም ለአለቃው የሚያቀርበው ማመካኛ ነው። ሁለቱ ቃሎች በድምፅ ቢቀራረቡም በፍሬያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። ምክንያት ገንዘቡ ሳይወጣ ይጠብቀዋል፤ ማመካኛ ግን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ይደርሳል። ይህን ልዩነት በግልጥ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ፣ አንዲት ጆንያ የማይጭነው፣ አንድም መንገደኛ የማያሳፍረው፣ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ትንሹ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው።

ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። በዚያ የሚነግድ ሰው ግዥን የሚለካበት ሚዛን የታወቀ ነው፤ ይኸውም ዛሬ በዚህ ዋጋ የተገዛው ሰሊጥ ነገ ገዳሪፍ ገበያ ሲቀርብ ስንት ያወጣል፣ የመኪናው ኪራይ፣ የመጋዘኑና የቀረጡ ወጪ ሲቀነስስ ምን ይተርፋል የሚል ነው። የምድር ባቡርም ወደዚያ አካባቢ የመጣው በዚሁ ዐይነት ሒሳብ ነበር። ከፖርት ሱዳን ከሚመጣው መሥመር ተገንጥሎ የተሠራው ሐዲድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ሰናር ደረሰ። የጋሽ ጥጥና የገዳሪፍ እህል ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ተከፈተ። ዶካ ግን ሐዲድ ሳይገባባት ቀረች፤ የባቡሩን ጥቅም ያገኘችው በገዳሪፍ ጣቢያ በኩል ብቻ ነው።

በምሥራቅ በኩልም እንዲሁ ከምጽዋ የተነሣው የኤርትራ ምድር ባቡር በ1911 አሥመራ ወጣ፤ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት ደረሰ። ወደ ተሰነይና ወደ ሱዳን ድንበር እንዲቀጥል ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከአቆርዳት ጥቂት አልፎ ቆመ። በሁለቱም ወገን ሎኮሞቲቭ ያስመጡት መንግሥታት፣ ሐሳባቸው መልካምም ይሁን ክፉ፣ የጭነቱን ቶን፣ የዳገቱን ልክና የማገዶውን ዋጋ ሳያሰሉ አልገዙም። እንግዲህ ጭነትም ዳገትም የሌለው ሰው በገዛ ገንዘቡ ሎኮሞቲቭ ሲገዛ በምን ሒሳብ ነው?

የዚህ ዕቃ ንግድ ከሁሉ ይልቅ የበረታው በጀርመን አገር ነው። በጎፒንገን ከተማ ሜርክሊን የተባለ ቆርቆሮ ሠሪ በ1859 ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን ትንንሽ የወጥ ቤት ዕቃ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ልጆቹ ሥራውን ከተረከቡት በኋላ ድርጅቱ በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ የሐዲዱ ስፋት በቁጥር የተወሰነ የባቡር መጫወቻ አቀረበ። ነገሩ ለተመልካች ቀላል ይምሰል እንጂ ትልቅ የንግድ ብልሃት ነበር። የሐዲዱ ልክ አንድ ጊዜ ከተወሰነ ዛሬ ሎኮሞቲቭ የገዛ ደንበኛ ነገ ተጨማሪ ሐዲድ፣ ከነገ ወዲያ ፉርጎ፣ በዓመቱም ጣቢያና ድልድይ ለመግዛት መመለሱ አይቀርም። ቀድሞ በሚጠመዘዝ ሞላና በእንፋሎት ይሄድ የነበረው መጫወቻም ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ። በ1935 በጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ የሚችል፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ባቡር ለገበያ ቀረበ። ከጦርነቱ በኋላ በኢጣልያ አገር ሪቫሮሲ በኮሞ ከተማ፣ ሊማ በቪቼንሳ በዚሁ ሥራ ተሰማሩ፤ በእንግሊዝም ሆርንቢ የሚባለው ስም ከ1920 ጀምሮ የታወቀ ነበር።

ዛሬ እጅግ የተስፋፋው ልክ አንድ ለ87 የሚባለው ነው። ይህም ማለት በእውነተኛው ባቡር 87 ሜትር የሆነው በአምሳያው አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱን ወደሚታወቅ አገር ቢያመጡት ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ በዚህ ልክ ቢሠራ 1350 ሜትር ግድም ርዝመት ያስፈልገዋል። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ የሚወጣው ዳገትም ከ26 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይጠይቃል። ይህን የሚችል ቤት የለም። ስለዚህ ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መምረጥ ግዴታው ነው፤ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ ወይም አንድ ዘመን መርጦ ሌላውን መተው አለበት። በዚህ ነገር የሚጐዳው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያነሰው ሳይሆን መምረጥ ያቃተው ነው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ሎኮሞቲቭ «አዞ» የተባለው የእስዊስ ሎኮሞቲቭ ነው። ከፊትና ከኋላ ረዘም ያለ አፍንጫ ስላለው፣ አካሉም በሦስት ተከፍሎ በጠመዝማዛው ሐዲድ ላይ እየታጠፈ ስለሚሄድ ይህ ስም ወጣለት። የእውነተኛው አዞ ግዥ ምክንያት በግልጥ የሚታወቅ ነው። እስዊስ የራሷ በቂ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ጊዜ ከሰል ከውጭ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፣ ዋጋውም ናረ። ነገር ግን ከተራሮቿ የሚወርድ ውሃ ነበራት። ስለዚህ የጎታርድን የተራራ መሥመር እስከ 1922 በኤሌክትሪክ አደረገች። ከ1919 ጀምሮም በመጀመሪያው ዐይነት 33፣ በ1926ና በ1927 ደግሞ በሁለተኛው ዐይነት 18 ሎኮሞቲቮች አሠራች። ኢትዮጵያም በ2016 የተመረቀውን የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲስ መሥመር በኤሌክትሪክ እንዲሆን ያደረገችው ከዚህ ብዙ በማይርቅ ሐሳብ ነው፤ ነዳጅ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ የወንዝ ውሃ ግን በአገር ውስጥ ይገኛል።

እውነተኛው አዞ 128 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ለ87 ልክ የሚሠራው ርዝመቱ 22 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ትንሹ አዞ ከሰል አያድንም፣ ዳገትም አይወጣም። ይህን የሚያውቀው ገዥ ታዲያ ምን ይላል? ከሰብሳቢዎች አፍ የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ ከአራት አይበልጥም፤ አራቱንም በነጋዴ ሚዛን ላይ ማውጣት ይገባል።

አንደኛው «ዋጋው ይጨምራል፤ ገንዘቤን አስቀመጥሁ እንጂ አላጠፋሁም» የሚለው ነው። ከጦርነት በፊት የተሠሩ፣ ቀለማቸው ያልተነካ፣ ከነሣጥናቸው የተገኙ ጥቂት ዕቃዎች እጅግ ውድ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ጥቂቱን አይቶ በብዙው ላይ መፍረድ ስሕተት ነው። ሰሊጥ ሁሉም ገበሬ ባንድ ጊዜ ሲያወጣው እንደሚረክስ፣ ከጦርነቱ በኋላ ያደጉት ሰብሳቢዎች ሲያረጁና ስብስባቸው ባንድ ዘመን ወደ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። ሠሪውም የተወደደውን አምሳያ ድምፅና መብራት ጨምሮ እንደ ገና ሲያወጣው አሮጌው ፈላጊ ያጣል። ሠሪዎቹ ራሳቸው እንኳ ከችግር አላመለጡም፤ ሜርክሊን 150ኛ ዓመቱን በያዘበት በ2009 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ በ2013ም ለሌላ ባለቤት ተላለፈ። ሪቫሮሲና ሊማም በ2004 በእንግሊዙ ሆርንቢ እጅ ገቡ። ስለዚህ ይህ ቃል በአብዛኛው ማመካኛ ነው።

ሁለተኛው «ለልጄ ነው» የሚለው ነው። ይህን ለመፈተን ብዙ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሎኮሞቲቩ የተቀመጠበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ልጁ ሊደርስበት በማይችል መደርደሪያ፣ በመስተዋት ውስጥ የተቈለፈ እንደ ሆነ ልጁ በስሙ ተነገደበት እንጂ አልተገዛለትም።

ሦስተኛው «ዕውቀት አገኝበታለሁ» የሚለው ነው። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሐዲድ የሚዘረጋ ሰው ስለ ዳገትና ስለ ኩርባ ይማራል፤ ሽቦ የሚያገናኝ ሰው የኤሌክትሪክ ኃይል እንዴት እንደሚቀነስ፣ እንዴት እንደሚከፈል ይረዳል። ከ1980ዎቹ ወዲህ በመጣው ዘዴ ደግሞ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ብዙ ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትእዛዝ እንዲቀበሉ ማድረግ ስለ ተቻለ የሚማረው ነገር ሰፍቷል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ ያላስተማረውን ሃያኛው አያስተምርም። ዕውቀት የሚገኘው በመሥራት ነው፤ በመደርደር አይደለም።

አራተኛው የመታሰቢያ ምክንያት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የኤርትራ ምድር ባቡር በ1970ዎቹ ሥራው ተቋረጠ፤ ሐዲዱና የብረት ጋድሚያው ከየቦታው እየተነቀለ ለጦር ምሽግ ዋለ። ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ አሮጌ ሠራተኞች ተጠርተው፣ ብረቱ ከየምሽጉ ተለቅሞ መሥመሩ እስከ 2003 ከምጽዋ እስከ አሥመራ ተጠገነ። በኢጣልያ በአንሳልዶ የተሠሩትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችና ሊቶሪናዎቹን ለማየትም ከሩቅ አገር ሰዎች መጡ። በሱዳንም ከ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ አብዛኛው ጭነት ወደ ከባድ መኪና ተላልፏል። የቀድሞው የጅቡቲ ባለ አንድ ሜትር ሐዲድም ለአዲሱ ባለ 1435 ሚሊ ሜትር መሥመር ቦታውን ለቅቋል። እንግዲህ የሥራው ዘመን ያለፈውን ነገር መልክና ልክ በትክክል የሚይዝ አምሳያ፣ ያንን ባቡር ለነዳው፣ ለጠገነው ወይም ጭነቱን ለላከበት ሰው እውነተኛ ዋጋ አለው። ዋጋው ግን በገበያ አይገኝም፤ ባለቤቱም ሲሞት ታሪኩ ካልተጻፈ ለወራሾቹ የቀለም ቅብ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በመታሰቢያ ምክንያት የሚገዛ ሰው መዝገብ ይያዝ፤ የትኛው ሎኮሞቲቭ፣ በየትኛው መሥመር፣ በየትኛው ዘመን እንደ ሠራ፣ ለምንስ እንደ ተገዛ ይጻፍበት። መዝገብ የሌለው ስብስብ መታሰቢያ ሊባል አይችልም።

እነዚህን ምክንያቶች ከመረመሩ በኋላ ሒሳቡን በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ሎኮሞቲቭ በ400 ዩሮ ገዝቶ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ200 ቢሸጠው 200 ዩሮ ከስሯል፤ ይህም በዓመት 20 ዩሮ ነው። ይህን በንግድ ዐይን ያየ ሰው ኪሳራ ይለዋል፤ ነገር ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ ልቡን ያሳረፈበት ሰው የደስታው ኪራይ ነው ቢል ማንም አይነቅፈውም። ነቀፌታው የሚመጣው ይህን ወጪ ከንግዱ ዋና ገንዘብ ላይ ሲያነሣው ወይም ከቤቱ ቀለብና ከልጆቹ ትምህርት ላይ ሲቀንሰው ነው። ሰሊጥ የሚገዛበትን ገንዘብ በመኸር ዋዜማ ለአዞ የሰጠ ነጋዴ፣ አዞው ምንም ቢያምር፣ ሲዘራ የሚበላውን እንደ በላ ገበሬ ነው። ስለዚህ በዓመቱ መጀመሪያ ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ለብቻው ቈርጦ፣ በወጪ ዓምድ ጽፎ፣ ያ ሲያልቅ ማቆም ይበጃል።

ይህ ምክር ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚሆን አይደለም። በመሥሪያ ቤት የግዥ ወረቀት የሚፈርም ሹም በየዕለቱ የሚያጋጥመው ነገር ይኸው ነው። አንድ መኪና ወይም አንድ ማተሚያ ከተመረጠ በኋላ «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለ ተገኘ» የሚል ቃል ተጽፎ ይቀርብለታል። ጥያቄው ቃሉ ማማሩ ሳይሆን መቼ እንደ ተጻፈ ነው። የእስዊስ ምድር ባቡር የከሰሉን ችግርና የውሃውን ኃይል አስቀድሞ አመዛዝኖ አዞውን ገዛ፤ በብዙ ቦታ ግን ዕቃው አስቀድሞ ይወደዳል፣ ምክንያቱ በኋላ ይፈለግለታል። የሰብሳቢው ስሕተት የሚጐዳው አንድ ቤት ነው፤ የሹሙ ስሕተት ግን ብዙ ቤት ይጐዳል።

በመጨረሻም ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚህ ነገር ፈጽሞ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። በሱዳንም በኤርትራም በኢትዮጵያም ልጆች ከወደቀ ቆርቆሮና ከሽቦ መኪና ሠርተው፣ የጠርሙስ ክዳን ጐማ አድርገው፣ በረዥም ዘንግ እየመሩ ሲነዱት ይታያል። የጎፒንገኑም ድርጅት የተጀመረው ከቆርቆሮ ነው። አባት ለልጁ የውጭ ሎኮሞቲቭ ከማስመጣቱ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር ተቀምጦ በአንድ ለ87 ልክ አንዲት ፉርጎ ከካርቶንና ከቆርቆሮ ቢሠራ፣ ስለ መጠንና ስለ ልክ ያስተምረዋል። ከዚያ በኋላም ሎኮሞቲቩን ለመግዛት ቢያስብ፣ ለራሱ ይሁን ለልጁ፣ ለማን እንደሚገዛ ሳይጠራጠር ያውቀዋል።