ከተላጠ ክንድ እስከ ሴፕሲስ፦ የስትሬፕቶኮከስን አደገኛ ምልክቶች በጊዜ መለየት

እ.ኤ.አ. በማርች 2012 መጨረሻ፣ በኒውዮርክ ከተማ በኩዊንስ ይኖር የነበረ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ኳስ ለማዳን ሲወረወር ወደቀና ክንዱ ተላጠ። ቁስሉ ቀላል ስለነበር ማንም አልተጨነቀበትም። በማግስቱ ግን እግሩን ክፉኛ አመመው፤ አስታወከ፤ ትኩሳቱም 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። በመጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም፣ ቀጥሎም የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች አዩት። የሆድ ሕመምና የፈሳሽ እጥረት እንደሆነ ታምኖ በደም ሥሩ ፈሳሽ ከተሰጠው በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የነጭ ደም ሕዋሳቱ ቁጥር ከልክ በላይ መጨመሩን የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት ተሟልቶ የወጣው ልጁ ከሆስፒታሉ ከሄደ በኋላ ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ለሞት ያበቃው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያስከተለበት ሴፕሲስ ነበር።

ልጁ ያሳያቸው ምልክቶች አንዳቸውም እንግዳ አልነበሩም። ትኩሳቱ ጉንፋን ይመስላል፤ ማስታወኩ የሆድ ሕመም፣ የእግር ሕመሙም የውድቀት ውጤት ሊመስል ይችላል። አደጋው የታየው ሁሉም በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በፍጥነት መደራረባቸው ላይ ነበር። የኒውዮርክ ግዛት በ2013 በልጁ ስም «የሮሪ ደንብ» ተብሎ የሚታወቀውን መመሪያ አውጥቶ፣ ሆስፒታሎች ሴፕሲስን ቶሎ የሚለዩበትና የሚያክሙበት ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደደ። አንድ ሕፃን ወሳኝ የምርመራ ውጤቱ ሳይታይና ለወላጆቹ ሳይነገር ከሆስፒታል እንዳይወጣም ደነገገ።

ሴፕሲስ በአማርኛ ብዙውን ጊዜ «የደም መመረዝ» ይባላል። ስያሜው የተለመደ ቢሆንም የችግሩን ምንነት በትክክል አይገልጽም። ብዙ ሰው ደሙን የመረዘ አንድ ነገር እንዳለና ጉዳቱን የሚያደርሰውም እርሱ ብቻ እንደሆነ ይገምታል። በ2016 በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የጸደቀው ትርጓሜ ግን ሴፕሲስን የሚያየው፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓቱን ስቶ የገዛ ራሱን የአካል ክፍሎች ሲጎዳ የሚፈጠር ለሕይወት አስጊ ሁኔታ አድርጎ ነው። የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ፈሳሽም ያሾልካሉ፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል፤ ኩላሊት፣ ሳንባና አንጎል ኦክስጅን ያጥራቸዋል። ስለዚህ ምልክቶቹ የሚታዩት ቁስሉ ባለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን በሌሎች የሰውነት ክፍሎችም ነው። ክንዱ የተላጠ ሰው ሽንቱ ሊቀንስና ንግግሩ ሊንተባተብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በ2017 በዓለም ዙሪያ ወደ 49 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙና 11 ሚሊዮን ያህሉ ሕይወታቸው እንዳለፈ ገምቷል። ለሴፕሲስ የሚዳርጉ ተህዋሲያን ብዙ ናቸው። ስትሬፕቶኮከስን ልዩ የሚያደርገው ግን ፍጥነቱ ነው።

በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰካካው ይህ ባክቴሪያ በርካታ ዝርያዎች አሉት። «ቡድን ኤ» የሚባለው ብዙ ወላጆች «ቶንሲል» ብለው የሚያውቁትን የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ነው። ብዙውን ጊዜ በጉሮሮና በቆዳ ላይ ተወስኖ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በጭረት፣ በቀዶ ሕክምና ቁስል፣ በጉድፍ ወይም በወሊድ ምክንያት በሚፈጠር ቁስል በኩል ወደ ጥልቅ ሥጋና ወደ ደም ይገባል። ገላው ላይ የተሸከመው ኤም የተባለ ፕሮቲን ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይውጡት ይከላከልለታል። ከዚህም በላይ «ሱፐርአንቲጅን» የሚባሉ መርዞችን ያመነጫል። በተለመደው ኢንፌክሽን ከ10 ሺህ የመከላከያ ሕዋሳት አንዱ እንኳ ላይነቃ ይችላል፤ እነዚህ መርዞች ግን ከአምስቱ አንዱን ያህል በአንድ ጊዜ መቀስቀስ ይችላሉ። አንድ ሌባ ለመያዝ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ዱላ ይዞ እንደመውጣት ነው፤ ከሌባው ይልቅ ሰፈሩ ይፈርሳል።

ለዚህ ነው በስትሬፕቶኮከስ ሴፕሲስ ከሁሉ ቀድሞ ሊጤን የሚገባው ምልክት፣ ከሚታየው ጉዳት ጋር የማይመጣጠን ሕመም የሆነው። ቆዳው በጥቂቱ ቀልቶ ወይም ምንም ሳይታይበት፣ ታማሚው ግን እግሩን ወይም ክንዱን መነካት እስኪያቅተው ድረስ ይጮኻል። ባክቴሪያው ከቆዳ ሥር ያለውን ሥጋ እየበላ ሲሄድ ላዩ ለሰዓታት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች «ጅማት ዞሮብኝ ነው» ብለው የሚታሹትና የሚያልፉት ይህን ምልክት ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች ለማንኛውም ሴፕሲስ የጋራ ናቸው። ጥርስ የሚያፋጭ፣ አልጋ የሚያነቃንቅ ብርድና መንቀጥቀጥ ከተራ «ብርድ ብርድ ማለት» ይለያል። አዋቂ ሰው ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ምንም ሳይሠራ 22 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሐኪሞች በትኩረት ይመለከቱታል። ይህን ለመቁጠር ሰዓትና አንድ ደቂቃ ብቻ ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ከሚደረጉ ልኬቶችም በጣም ጠቃሚው ምናልባት እርሱ ነው። የሰውዬው አነጋገር መደነቃቀፍ፣ ቀኑን ወይም ያለበትን ቦታ መዘንጋት፣ መቃዠት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ለመንቃት መቸገር አንጎል መጎዳት መጀመሩን ያመለክታሉ። ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመሽናት የኩላሊት ምልክት ነው። ታማሚው ራሱ «የምሞት ይመስለኛል» ቢል እንደ ማጋነን ሊቆጠር አይገባም፤ በብሪታንያ ለሕዝብ በሚሰራጩ የሴፕሲስ ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ ይህ ስሜት ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ተመዝግቧል።

ትኩሳት አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። አረጋውያንና አራስ ሕፃናት ከመሞቅ ይልቅ ሊቀዘቅዙ፣ ሙቀታቸውም ከ36 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ፓራሲታሞል የወሰደ ሰው ደግሞ ትኩሳቱ ወርዶ በሽታው ግን እየገሰገሰ ሊሆን ይችላል።

ቆዳን በተመለከተ ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን አንባቢዎች የተለየ ማብራሪያ ያስፈልጋል። የጤና መጽሔቶችና የሆስፒታል ፖስተሮች ስለ «መገርጣት»፣ «መቅላት» እና «መጠቆር» ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት የነጭ ሰው ቆዳ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጨርሶ ላይታይ፣ ወይም ከአካባቢው ጠቆር ያለ ሐምራዊ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ቀለሙ የሚታየው በከንፈር፣ በምላስ፣ በድድ፣ በዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ነው። እነዚህ ቦታዎች አመድማ ወይም ሰማያዊ ሲሆኑ፣ ወይም እጅና እግር ሲቀዘቅዝና ቆዳው ዥጉርጉር ሲል ለአፍታም መዘግየት አይገባም። ያበጠና የሚሞቅ ቦታን ደግሞ ከማየት ይልቅ በእጅ ጀርባ ዳስሶ ከሌላው ወገን ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

በኮቪድ ዘመን ብዙ ቤት የገባችው፣ ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም ከዚሁ ችግር ነፃ አይደለችም። መሣሪያዋ ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች፤ ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ስለሚውጡ ከልዩነቱ መቶኛውን ታሰላለች። ነገር ግን የቆዳን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። ስሌቱ የተቃኘው በአብዛኛው ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከሆነ ውጤቱ ከእውነታው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየላቸው ጥቁር ታማሚዎች መካከል 11.7 በመቶ ያህሉ በደም ቧንቧ ምርመራ ሲታዩ ኦክስጅናቸው ከ88 በመቶ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ በነጮቹ ዘንድ ግን ቁጥሩ 3.6 በመቶ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው ቁና ቁና እየተነፈሰ መሣሪያዋ «94» ብትል፣ ከቁጥሩ ይልቅ ትንፋሹን ማመን ነው።

አራስ ሕፃናትን የሚያጠቃው ብዙውን ጊዜ «ቡድን ቢ» የሚባለው ሌላው ዝርያ ነው። በአሜሪካ ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ያህል ምንም ሳይሰማት በሰውነቷ ተሸክማው ትገኛለች። በዚያ አገር ነፍሰ ጡሮች በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት ይመረመራሉ፤ ባክቴሪያው ከተገኘባቸውም በምጥ ጊዜ በደም ሥራቸው ፔኒሲሊን ይሰጣቸዋል። በብሪታንያ ግን ምርመራው ለሁሉም በመደበኛነት አይሰጥም፤ ሕክምናው የሚወሰነው ተጋላጭነትን በማየት ነው። በሁለት አገር የሚኖሩ እህትማማቾች የተለያየ ነገር ቢነገራቸው ሊደነግጡ አይገባም፤ የምትኖርበትን አገር አሠራር አዋላጇን መጠየቅ ግን የእናት መብት ነው። ሕፃኑ ጡት አልይዝ ካለ፣ ሰውነቱ ከዛለ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ሌሊቱ እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪ ትኩሳት ብቻውን ወዲያው ለሐኪም ያስቀርባል።

አራሷም ከአደጋው ውጭ አይደለችም። በ1847 በቪየና ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ባልደረቦቹ እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ ባስገደደ ጊዜ፣ ከመቶ ወላዶች ከአሥር በላይ ይገድል የነበረው የወሊድ ትኩሳት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሁለት ገደማ ወርዶ ነበር። ዋነኛው ገዳይ ይኸው ስትሬፕቶኮከስ እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። ዛሬም ከወለደች በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ከባድ የሆድ ሕመም፣ መንቀጥቀጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር የገጠማት ሴት፣ ገንፎና ጠያቂ ቢከባትም፣ ሐኪም ያስፈልጋታል።

በአገር ቤት ልማድ ድንገተኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ለአብዛኛው ቀላል ሕመም ይህ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ቅጠሉ እስኪሠራ ተብሎ በሚጠፋው ሌሊት ነው። በጉሮሮ ሕመም ምክንያት የሕፃን እንጥል ማስቆረጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ባልተቀቀለ ስለት የተቆረጠ ጉሮሮ ደም መፍሰስንና ራሱን ሴፕሲስን ሊያስከትል ይችላል። ከሻንጣ ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥም በቂ አይደለም፤ ሴፕሲስ የገባበት ሰው መድኃኒቱን በደም ሥሩ፣ በበቂ መጠንና በክትትል ይፈልገዋል።

ተስፋ ሰጪው ነገር ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን መቋቋም አለመቻሉ ነው። በ1942 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ በፔኒሲሊን ከሞት የተረፈችው የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ታማሚ አን ሚለር የዳነችው ከዚሁ ባክቴሪያ ነበር፤ እስከ 90 ዓመቷም ኖረች። ዛሬ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ክሊንዳማይሲን ይጨምሩበታል፤ ይህ መድኃኒት ባክቴሪያው መርዙን እንዳያመርት ይገታል። ወሳኙ ሰዓቱ ነው። በኒውዮርክ 149 ሆስፒታሎች የታከሙ ከ49 ሺህ በላይ ታማሚዎችን የመረመረና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ሕክምናው በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመሞት ዕድሉ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል።

ብዙ ስደተኞችን ከሆስፒታል በር የሚያስቀራቸው ወጪና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ፣ የድንገተኛ ክፍሎች መክፈል የማይችለውንም ሰው መርምረው ሁኔታውን እንዲያረጋጉ ያስገድዳል፤ በብሪታንያም የድንገተኛ ክፍል ሕክምና ለሁሉም ነፃ ነው። አምቡላንስ የሚጠራው በአሜሪካ በ911፣ በብሪታንያ በ999፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ112፣ በእስራኤል በ101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ በ997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ998 ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ «ትኩሳት አለው» ብሎ ወረፋ ከመጠበቅ፣ ቁስሉ መቼ እንደደረሰ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ስንት እንደሆነና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሸና ተናግሮ «ሴፕሲስ ሊሆን ይችላል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይሻላል። ቃሉ በእንግሊዝኛም፣ በጀርመንኛም፣ በስዊድንኛም ያው ሴፕሲስ ነው፤ በዓረብኛ ደግሞ «ተዓፉን አል-ደም» ይባላል።