ያውቁ ኖሯል? የማብሪያ ማጥፊያ ነገር፣ ከስፌት ማሽን እስከ ድረ ገጽ ቅጽ

መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በተመረቀው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ልብስ ሰፊዋ መርፌ ስትቀይር ማሽኑ መጥፋቱን አረጋግጣ ነው። ማታ በስልኳ የኢንተርኔት ቅጽ ስትሞላ የምታገኘው ተንሸራታች ማብሪያ ማጥፊያም እንዲሁ እውነቱን ሊነግራት ይገባል።

● አማርኛ ለዚህ ዕቃ ያወጣለት ስም ሁለቱንም ሥራውን እንደሚጠራ ልብ ብለዋል? ማብሪያም ነው፣ ማጥፊያም። በድረ ገጽ ላይም ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንዳለ በአንድ እይታ መታወቅ አለበት።

● ማብሪያ ማጥፊያ ሲጫኑት ለምን ቷ እንደሚል ያውቁ ኖሯል? የኤሌክትሪክ መገናኛው ቀስ ብሎ ከተላቀቀ ብልጭታ እየፈጠረ ይቃጠላል። እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1884 በኒውካስል በቅጽበት የሚላቀቅ ማብሪያ ማጥፊያ ሠርቶ ለዚህ መላ አበጀለት።

● በፋብሪካ ማሽን ላይ ያለው ቀይ፣ እንጉዳይ መሰል የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ አንዴ ከተጫኑት እንደተጫነ ይቀራል። አይኤስኦ 13850 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚያዘው፣ ወደ ቦታው ሲመለስም ማሽኑ በራሱ መነሳት የለበትም። የሚያስነሳው ሰው ነው።

● በብዙ መሣሪያዎች ላይ ቀጥ ያለች ሰረዝ «በርቷል»፣ ክብ ደግሞ «ጠፍቷል» ማለት ናቸው። ቋንቋ ሳይለይ ለሁሉም የሚያገለግሉ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ምልክቶች ናቸው።

● የድረ ገጹ ተንሸራታች ብዙውን ጊዜ ልብስ የለበሰ ቼክቦክስ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቼክቦክስ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኤችቲኤምኤል 2.0 ውስጥም ነበር። በሲኤስኤስ የቀድሞ መልኩ ይገፈፍና ጫፎቹ የተሞረዱ መስመር ይሆናል፤ በላዩ ክብ ትቀመጣለች፤ ምልክት ሲደረግበት ክቧ ወደ ማዶ ትሻገራለች።

● ቼክቦክሱን ጨርሶ ከገጹ መሰወር ግን ትልቅ ስህተት ነው። በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው በታብ አይደርስበትም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራምም አያገኘውም። መልኩን ይቀይሩ፣ ዕቃውን አያጥፉ።

● እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2017 የጸደቀው የተደራሽነት መስፈርት «ስዊች» የሚል የሥራ መለያ ጨምሯል። ይህ መለያ ሲሰጠው አንባቢው ፕሮግራም «ምልክት ተደርጎበታል» በማለት ፈንታ «በርቷል» ወይም «ጠፍቷል» ብሎ መናገር ይችላል።

● አረንጓዴና ቀይ ብቻቸውን አይበቁም። በዘራቸው ሰሜን አውሮፓውያን ከሆኑ 12 ወንዶች አንዱ ገደማ ቀለም የመለየት ችግር አለበት። ክቧ ቦታ ትቀይር፣ ጽሑፍም ይጨመር። የመስመሩና የጀርባው ንጽጽር ቢያንስ 3 ለ 1፣ የሚነካውም ስፍራ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን።

● «አብራ» የሚል ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። አሁን በርቷል ማለት ነው ወይስ እንድናበራው እያዘዘን? ደግሞስ ሴቷን «አብሪ»፣ አንቱ የሚባሉትን «ያብሩ» ማን ይበላቸው? «በርቷል» ማንንም አያዝም። «ጠፍቷል» ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ «መልእክት ጠፍቷል» ከተባለ ሰው የደረሰበት ያልታወቀ መልእክት ይመስለዋል። «መልእክት ይላክልኝ» ብሎ ከጎኑ ተንሸራታቹን ማስቀመጥ ይሻላል።

● የአዳማ ቅጽ አማርኛንም አፋን ኦሮሞንም ማስተናገድ አለበት። የአፋን ኦሮሞ ፊደል የሆነው ቁቤ ረጅሙን አናባቢ በሁለት ፊደል ስለሚጽፍ ቃሉ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ጽሑፉን ጠባቡ ተንሸራታች ውስጥ ከማጨቅ ከጎኑ ማዋል ይበጃል።

● ያልበራ ቼክቦክስ ቅጹ ሲላክ ምንም እንደማይልክ ያውቁ ኖሯል? «አይ» የሚል መልስ አይደርስም፤ ዝምታ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም ዝምታውን መተርጎም ካልተማረ የሰውየው ምርጫ ሳይመዘገብ ይቀራል።

● ማብሪያ ማጥፊያ ሲነካ ወዲያው መሥራት አለበት። «ላክ» የሚለው እስኪጫን የሚጠብቅ ምርጫ ከሆነ ተራው ቼክቦክስ ይበቃዋል። ኔትወርክ ሲዘገይም ሰርቨሩ ሳይቀበል «በርቷል» ማለት ውሸት ነው፤ በመጠበቅ ላይ መሆኑ ይታይ፤ ካልተሳካም ክቧ ትመለስና ምክንያቱ ይነገር።

● የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይደለም ሲል ወስኗል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። የሰውን መረጃ የሚጠይቅ ተንሸራታች ጠፍቶ ይጠብቅ፤ የሚያበራው ባለቤቱ ነው።

በአዳማና በአካባቢው ድረ ገጽ መሥራት የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ የሠራችሁትን በኪቦርድ ብቻ ሞክሩት፤ የስልካችሁን ስክሪን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት። ከዚያም ከሥራ የምትመለስ አንዲት ልብስ ሰፊን «በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳታመነታ ከመለሰች ሥራችሁ ተጠናቋል፤ ካመነታች ግን የሚታረመው ቅጹ ነው።