የነዳጅ ግፊትና የሞተሩ ጉልበት

የመኪናን ጉልበት ለመጨመር ከሚነገሩ ዘዴዎች ሁሉ የነዳጅ ግፊትን እንደ ማስተካከል ቀላል የሚመስል የለም። አንዲት ብሎን ትዞራለች፣ ቤንዚኑ በርትቶ ይረጫል፣ መኪናው ይፈጥናል ይባላል። ብሎኗ በእርግጥ አለች፤ ቤንዚኑም በርትቶ ይረጫል። ፍጥነቱ ግን በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ አይመጣም።

በካርቡሬተር ዘመን ግፊት ብዙ ጉዳይ አልነበረም። ፓምፑ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ቤንዚኑን እስከ ካርቡሬተሩ ማጠራቀሚያ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ስቦ የሚያስገባው ራሱ የሚያልፈው አየር ነው። ይህን የለወጠው ቤንዚኑን የሚረጨው፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ኢንጀክተር ነው። የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በቮልስዋገን 1600 ላይ ሲያቀርብ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ የሚያዝዘው ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊ ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ብቻ ነበር። በዚያች ቅጽበት ምን ያህል ቤንዚን ያልፋል የሚለውን የሚወስነው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ከተዛባ ስሌቱ በሙሉ ይዛባል። ሬጉሌተር የሚባለው ትንሽ ክፍል ቦታውን ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ያምራል። በውስጡ አንድ ስስ ሽፋንና እሱን የሚጫን ሞላ አለ። ቤንዚኑ ከሞላው ጉልበት በላይ ሲገፋ ሽፋኑ ይነሳል፣ ትርፉም በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰርባቶዮ ይሄዳል። በሽፋኑ ማዶ ደግሞ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ የሚመጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰክቷል። ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ይህ ቱቦ የሥርዓቱ ብልሃት ነው። ኢንጀክተሩ የሚረጨው ወደ ማኒፎልዱ ሲሆን፣ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን በረገጠና በለቀቀ ቁጥር ይለዋወጣል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ማኒፎልዱ ይስባል፤ ስለዚህ ሬጉሌተሩ ለምሳሌ 3 ባር የነበረውን ግፊት ወደ 2.5 ገደማ ያወርደዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር 0.7 ባር ተጨማሪ አየር ሲነፋ ደግሞ ወደ 3.7 ያወጣዋል። በኢንጀክተሩ ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ሁልጊዜ አንድ ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ሬጉሌተሩ ሰርባቶዮው ውስጥ ገብቷል፤ መመለሻ ቱቦውም ቀርቷል። የግፊቱን ልዩነት የሞተሩ ኮምፒዩተር በስሌት ያካክሰዋል።

አሁን ወደ ብሎኗ እንመለስ። ብሎኗ ያለችው ጉልበት ፈላጊዎች ከገበያ ገዝተው በሚገጥሙት ሬጉሌተር ላይ ነው፤ ፋብሪካው የገጠመው በአብዛኛው ማስተካከያ የለውም። ብሎኗ ስትጠብቅ ሞላው ይጨመቃል፣ ግፊቱም ይወጣል። ነገር ግን የሚያልፈው ቤንዚን ከግፊቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ የሚጨምረው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ግፊቱ ከ3 ወደ 4 ባር ቢወጣ ቤንዚኑ የሚጨምረው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቤንዚኑን እጥፍ ለማድረግ 12 ባር ያስፈልጋል፤ ይህን የተለመደው ፓምፕ አይችለውም። እንዲያውም ግፊቱ በወጣ ቁጥር ፓምፑ የሚያደርሰው መጠን ይቀንሳል። ሞተሩ ብዙ በሚፈልግበት ሰዓት ቤንዚን ሊያጥረው፣ ፒስተኑም በሙቀት ሊበሳ ይችላል።

ሁለተኛው እንቅፋት ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሴንሰሩ በጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እያየ ለኮምፒዩተሩ ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን በዛ ሲባል ኢንጀክተሩን ቶሎ ይዘጋዋል። በመደበኛ ጉዞ የተጨመረው ግፊት ውጤት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ኮምፒዩተሩ ሴንሰሩን መስማት ያቆማል፤ ያኔ ግን ፋብሪካው አስቀድሞ ቤንዚን አብዝቶ አስልቷል። በዚያ ላይ መጨመር ጉልበት ይቀንሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ካታሊስቱንም ያቃጥላል።

የጉልበት ወሰኑ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ያነሰ ስለሆነ የሚፈልገው ቤንዚንም ያነሰ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ግፊት መጨመር ያልጎደለውን መሙላት ነው።

ታዲያ ግፊት ማስተካከል የሚረዳው መቼ ነው? ቱርቦ ተገጥሞለት አየሩ ለበዛ፣ ኮምፒዩተሩም እንደገና ለተስተካከለ ሞተር ይረዳል። ከዚህ ይልቅ የሚበዛው ግን የወደቀ ግፊትን ወደ ልኩ መመለስ ነው። ፊልትሮው ሲደፈን ወይም ፓምፑ ሲደክም መኪናው ዳገት ላይ ይለግማል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የቶዮታ ኢንጀክሽን ሞተሮች የጎማ ቱቦው ተነቅሎ ሲለካ ግፊቱ ከ265 እስከ 304 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 3 ባር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ፊልትሮው ነው፣ ቀጥሎ ፓምፑ። ከተነቀለው ቱቦ ቤንዚን ከወጣ የሬጉሌተሩ ሽፋን ተቀዷልና ክፍሉ ይቀየራል። መኪናው ጉልበት አገኘ የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጥገና ሲደረግለት ነው፤ የተመለሰው የራሱ ጉልበት ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ማኒፎልድ ለሚረጭ የቤንዚን ኢንጀክሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ የዋለው የናፍጣ ኮመን ሬይል ከ1,350 ባር ጀምሮ ዛሬ ከ2,000 በላይ ደርሷል፤ በዚህ ግፊት የሚፈተለክ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። በእጅ ሊነካካ አይገባም። በቤንዚን መኪናም ቢሆን ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የፓምፑ ፊውዝ ይነቀል፣ የታመቀው ግፊት ይተንፍስ። ጋራዥ የሚሄድ ባለመኪናም ማንኛውም ብሎን ከመዞሩ በፊት ግፊቱ በጌጅ እንዲለካለትና ቁጥሩን በዓይኑ እንዲያይ ይጠይቅ።