ወላጅና ልጅ በአንድ ስክሪን ፊት፦ «ስንት ሰዓት?» ከሚለው ጥያቄ ባሻገር

ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጤና ተቋም የሚመጡ ወላጆች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ስልክና ስለ ቪዲዮ ጌም የሚቀርቡት ይገኙበታል። ከጤና ባለሙያው የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ሰዓቱን ይቀንሱ» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም የተሟላ አይደለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻውን ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚቆይ ልጅና ያንኑ አንድ ሰዓት ከአባቱ ጎን ተቀምጦ እየሳቀ የሚያሳልፍ ልጅ በካርድ ላይ የሚሰፍርላቸው ቁጥር ተመሳሳይ ነው፤ ከዚያ ሰዓት የሚያገኙት ጥቅም ግን በእጅጉ ይለያያል።

ለአብነት ያህል ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ተጠምዶ የሚውል አንድ አባት ይታሰብ። ቅዳሜ ማታ ከ9 እና ከ6 ዓመት ልጆቹ ጋር አንድ የቧልት ፊልም ያያል። በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ተንሸራትቶ ሊጥ ውስጥ ይወድቃል፤ ልጆቹ ይንከተከታሉ፣ አባትም አብሮ ይስቃል። በማግሥቱ ግን «ልጆቼን ማስጠናት ሲገባኝ ቁም ነገር በሌለው ነገር ጊዜ አጠፋሁ» ብሎ ያፍራል። ይህ አባት ክሊኒክ መጥቶ ጉዳዩን ቢያነሳና ባለሙያው በጥቅሉ ቢነቅፈው፣ ከሶፋው የሚነሳው አባትየው ነው፤ ልጆቹ ግን ማየታቸውን ብቻቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። በመሆኑም ባለሙያው የሚሰጠው ምክር ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይቶ የሚያሳይ ሊሆን ይገባል።

ከሳሎን ቴሌቪዥን ወደ ግል ስልክ

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ቴሌቪዥን የጋራ ዕቃ ነበር። «አባባ ተስፋዬ» በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ለልጆች የሚያቀርቡት ዝግጅት በሚተላለፍበት ጊዜ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ በአንድ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አዋቂውም እዚያው ስለሚገኝ ልጁ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ሳቁም የጋራ ይሆናል። የእጅ ስልክ በተስፋፋበት በአሁኑ ዘመን ግን በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ አራት ሰዎች አራት የተለያዩ ነገሮችን ሊያዩ ይችላሉ። እንግዲህ ትልቁ ለውጥ የስክሪን መብዛት ብቻ ሳይሆን የተመልካቾች መነጣጠልም ጭምር ነው።

የወላጅ ድርሻ ሦስት መልኮች

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት ፓቲ ቫልከንበርግና ባልደረቦቿ ወላጆች የልጆቻቸውን ቴሌቪዥን አመለካከት የሚመሩባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍለዋል። አንደኛው መገደብ ነው፤ ይኸውም ሰዓትንና ዓይነትን መወሰን ነው። ሁለተኛው ማስረዳት ሲሆን ወላጁ የታየው ነገር እውነት ይሁን የፈጠራ፣ መልካም ይሁን መጥፎ ከልጁ ጋር ይወያይበታል። ሦስተኛው ደግሞ አብሮ ማየትና መደሰት ነው። በጤና ተቋማት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ያተኩራል። ነገር ግን ልጅ የወላጁን ገደብ በቀላሉ የሚቀበለው፣ ወላጁ የሚከለክል ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚጫወትም መሆኑን ሲያውቅ ነው።

የጋራ ሳቅ ምን ይሠራል?

ሳቅ በተፈጥሮው ማኅበራዊ ነው። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለው ተመራማሪ ባደረገው ክትትል ሰዎች ከሌሎች ጋር ሲሆኑ የሚስቁት ብቻቸውን ሲሆኑ ከሚስቁት 30 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። የሮቢን ደንባር የምርምር ቡድን ደግሞ ቀልድ አይተው የሳቁ ሰዎች ሕመም የመቋቋም አቅማቸው ከፍ እንደሚል ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2017 በፊንላንድ በፔት ስካን የተደረገ ጥናትም ከወዳጅ ጋር መሳቅ በአንጎል ውስጥ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውን ኦፒዮይድ መሰል ንጥረ ነገሮች እንደሚያስለቅቅ አመልክቷል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የመረጋጋትና የመቀራረብ ስሜትን ያግዛሉ። የደንባርና የፊንላንድ ጥናቶች በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ ስለሆኑ ውጤታቸውን እንዳለ ለልጆች መስጠት አይገባም፤ ሆኖም አብሮ መሳቅ ሰውን ከሰው ለምን እንደሚያቀራርብ ያስረዳሉ።

ለአዋቂ ቂላቂል የሚመስለው ቀልድ ለልጅ የአእምሮ ሥራ ነው። አንድ ልጅ ኮፍያ እግሩ ላይ ባደረገ ሰው የሚስቀው የኮፍያ ቦታ ራስ መሆኑን ስለተረዳ ነው። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ በቃላት ድርብ ትርጉም መሳቅ ይጀምራል። ስለሆነም ወላጅ ልጁ በምን እንደሚስቅ በማስተዋል የልጁን የአስተሳሰብ ደረጃ ማወቅ ይችላል።

ሕፃናትና ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛ ድምፆችን ከሰው ጋር ፊት ለፊት እየተጫወቱ ሲሰሙ ድምፆቹን መለየት ተምረዋል፤ ያንኑ ትምህርት በቪዲዮ ያዩት ግን አልተማሩም። ሕፃን የሚማረው ሲያይ የሚያየው፣ ሲያሰማ የሚመልስለት ሰው ሲኖር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የእንክብካቤ ማዕቀፍ ለሕፃኑ ፍላጎት ምላሽ መስጠትን ከጤናና ከምግብ ጋር እኩል የዘረዘሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል በኤድዋርድ ትሮኒክ የ1970ዎቹ ሙከራ እናት ለጥቂት ጊዜ ፊቷን ያለ ምንም ስሜት ስታደርግ ሕፃኑ ትኩረቷን ለመመለስ ይጥራል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ይጨነቃል። ይህም ከልጁ ጎን ተቀምጦ በራሱ ስልክ የተያዘ ወላጅ አብሮ ያያል ለማለት እንደማይቻል ያስገነዝባል።

ቪዲዮ ጌም፦ ልጅ አስተማሪ ሲሆን

ፊልም ወላጅንና ልጅን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ጌም ደግሞ ቦታቸውን ያለዋውጣል። ጆይስቲኩን አያያዝ የሚያሳየው ልጁ ነው፤ የሚሳሳተውና የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ወላጁ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያጣ አዋቂ ለልጅ «አገር ይሰጣል»። ልጁ ማስረዳትን፣ ተራ መጠበቅንና ሲያሸንፍ አለመታበይን ይለማመዳል፤ ወላጁ ተሸንፎ ሲስቅ በማየትም ሽንፈት የሚቻል ነገር መሆኑን ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሣራ ኮይንና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት በሆነ 287 ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከወላጆቻቸው ጋር ጌም የሚጫወቱ ሴት ልጆች የጠበኝነትና የድብርት መሰል ምልክቶች አነስ ብለው፣ የመተባበር ጠባያቸው ደግሞ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በወንዶቹ ላይ ግን ተመሳሳይ ውጤት አልታየም። ጥናቱ ተዛምዶን እንጂ መንሥኤን ስለማያረጋግጥ ጌም እንደ መድኃኒት ሊታዘዝ አይገባውም።

ሊጠበቅ የሚገባው ወሰን

አብሮነት ሁሉንም ጉዳት አያስቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚመረጥ ይገልጻል። ለትላልቆቹ ደግሞ እንቅልፍ፣ የአካል እንቅስቃሴና ትምህርት እንዳይስተጓጎሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ስክሪን ቢዘጋ ይመረጣል።

ይዘቱም መታየት አለበት። በአውሮፓ የሚሸጡ ጌሞች ሽፋን ላይ የሚታዩት 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ቁጥሮች የተፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ እንጂ የጌሙን ክብደት አያመለክቱም። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ለአንዳንድ ልጆች አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1997 በጃፓን አንድ የፖኬሞን ክፍል ሲተላለፍ ወደ 700 የሚጠጉ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ማንቀጥቀጥና ሌሎች ምልክቶች ታይተውባቸው ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። በመሆኑም የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ወላጆች ስለዚህ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ከጌም ጋር የተያያዘ መታወክን አካቷል። መለያዎቹ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌሎች ጉዳዮች ሁሉ ማስቀደምና ጉዳት እየደረሰም መቀጠል ናቸው። ሁኔታው የልጁን ኑሮ በግልጽ የሚያውክና አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የዘለቀ ሊሆን ይገባል። ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም።

የጤና ባለሙያው ምን ይጠይቅ?

«በቀን ስንት ሰዓት?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ የሚከተሉትን ማንሳት ይቻላል፦

1. ልጁ የሚያየው ወይም የሚጫወተው ምንድን ነው? ለዕድሜው ይመጥናል?
2. ከማን ጋር ነው? የወላጁ ስልክስ በዚያን ጊዜ የት ነው?
3. ከዚያ በኋላ ስላዩት ነገር ይነጋገራሉ?
4. በዚህ ምክንያት የቀረ እንቅልፍ፣ የውጭ ጨዋታ ወይም ጥናት አለ?
5. «በቃ» ሲባል ምን ይሆናል?

ለሁለተኛው ጥያቄ «ብቻውን ነው» የሚል መልስ ከተገኘ፣ ወላጁን ከመውቀስ ይልቅ በሳምንት አንድ ፊልም ወይም በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ አብሮ መጫወትን መምከር ሊሠራ የሚችል ጅምር ነው። ጊዜ የሌለው ወላጅም ይህን ያህል አያጣም። ስክሪን በሌለበት ቤት ደግሞ ተረት፣ እንቆቅልሽና ድብብቆሽ ይህንኑ ተግባር ያከናውናሉ።

ማጠቃለያ

የስክሪን ሰዓትን መገደብ አስፈላጊነቱ አያጠራጥርም። ሆኖም ምክሩ በሰዓት ብቻ ሲወሰን ልጁን ከፊልሙ ሳያርቅ ወላጁን ከልጁ ሊያርቅ ይችላል። በቅዳሜው ፊልም ያፈረው አባት «ሰዓቱን ይጠብቁ፤ ሳቁን ግን አይተዉ» የሚል ምክር ቢያገኝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ከልጆቹ መካከል ይቀመጣል። ልጁ አንድ ቀን ያስፈራው ወይም ያሳፈረው ነገር በስክሪን ላይ ሲገጥመው፣ ለመናገር የሚቀልለው አብሮት ሲስቅ ለኖረው ወላጅ ነው።