ኢየሩሳሌም ምን ያህል ትርቃለች?

አዲስ አበባና ኢየሩሳሌም በአየር ቢለካ የሚራራቁት 2,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢየሩሳሌም ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ስለምትገኝ፣ በእስራኤል የበጋ ወራት የሁለቱ ከተሞች ሰዓት እንኳ አንድ ነው። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል በርሮ ቤን ጉሪዮን ያርፋል፤ ኢየሩሳሌም የራሷ የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት፣ የቀረውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ በባቡር ወይም በመኪና መውጣት ነው። ይህን ሰምቶ «ቅርብ ናት» የሚል ሰው አይፈረድበትም። እኔ ግን የኢየሩሳሌምን ርቀት ሲወስን የኖረው የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን የመንገዱ መከፈትና መዘጋት ነው ባይ ነኝ።

እዚያው ኢየሩሳሌም ያለው የኢትዮጵያ ጎዳና ይህንን ይመሰክራል። ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ከፍ ባለ የድንጋይ አጥር ታጥሯል። የይሁዳ አንበሳ በተቀረጸበት በር ዘልቆ፣ ጫማን አውልቆ የሚገባበት ክብ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ነው፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። በዙሪያውና በአቅራቢያው ባለው የነቢያት ጎዳና ደግሞ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱን ጨምሮ ነገሥታቱና መኳንንቱ ቤቶች አሠሩ፤ ከቤቶቹም ኪራይ እዚያ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይረዱ ነበር። የዚያን ዘመን ተሳላሚ ወይ ምጽዋ ወርዶ በባሕር፣ ወይ በሱዳን በረሃ ዐባይን ተከትሎ ግብፅ ገብቶ፣ ለወራት ይጓዝ ነበር። ሽፍታው፣ ውሃ ጥሙ፣ በሽታው ያልፈጀው ሲደርስም በቀላሉ አይመለስም። ከአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ሊደርስ ይችላል? መተዳደሪያው እዚያው መተከል ነበረበት።

መነኮሳቱን ያኖራቸው ርቀት ሳይሆን ምናኔና በኢየሩሳሌም ያለው የዴር ሡልጣን ገዳም ይዞታ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ጎዳናው ሳይኖር በፊትም ለዘመናት እዚያ ነበሩ። ሆኖም ምናኔ ለምን እንደቆዩ ይነግረናል እንጂ ምን በልተው እንደቆዩ አይነግረንም። ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ቢያንስ ከጎዳናው ወዲህ፣ መልሱ ቤቶቹ ናቸው።

«ያ ሁሉ በአውሮፕላን ቀረ» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ግን የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ታሪክ ይመልስለታል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። አውሮፕላን ነበረ፤ ከኢትዮጵያ ግን የሚያስወጣ በር ስላልነበረ እስከ ሱዳን በእግር መሄድ ግድ ሆነ። በዚያ ጉዞና በመጠለያ ጣቢያዎቹ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሩ ሲከፈት፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጉዘው አበቁ። በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል ሰባት ዓመት አይሞላም፤ የአውሮፕላኑም ፍጥነት አልተለወጠም።

ዛሬም ለፋሲካ ጎልጎታን ሊሳለም የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስጨንቀው አራቱ ሰዓት አይደለም። ቪዛው ተፈቅዷል ወይ? ቲኬቱስ ስንት ገባ? ጦርነት ተነሥቶ በረራው ይሰረዝ ይሆን? ገንዘቡን ለዓመታት ያጠራቀመች እናት ቪዛ ከተከለከለች፣ ኢየሩሳሌም ለእርሷ የምጽዋውን መንገድ በእግሩ ከወረደው ተሳላሚ ይልቅ ትርቃለች።